ጋፋት፣ ሸፊልድና የጋሞ ቀጥቃጮች፦ የብረት መሣሪያ ሥራን የሚያጸኑ ሁኔታዎች ታሪካዊ ንጽጽር

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሁለት የተራራቁ ስፍራዎች የተካሄደውን የብረት ሥራ ያነጻጽራል። አንደኛው በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ የነበረው የቶማስ ፈርዝና ልጆቹ የአረብ ብረትና የመሣሪያ ድርጅት ሲሆን፣ ሁለተኛው በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መሥሪያ ነው። ከንጽጽሩ የተገኘው ሐሳብ በመጨረሻ በጋሞ ዞን ለገበሬው ዶማና ማጭድ በሚያበጁት ቀጥቃጮች ላይ ይፈተሻል። የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የመሣሪያ ሥራን የሚያጸናው የማቅለጫው ምድጃ ወይም የአንድ ሊቅ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የገዢዎች ብዛት፣ የጥሬ ዕቃው የማይቋረጥ አቅርቦትና የሠራተኛው ክብር በአንድነት ሲገኙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኙት የጫኖ ቀበሌዎች በሙዝና በማንጎ ምርታቸው የታወቁ ናቸው። በጫኖ ሚሌም ሆነ በጫኖ ዶርጋ የገበሬው የዕለት ሥራ በጥቂት የብረት መሣሪያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ማሳው በዶማ ይቆፈራል፣ የሙዙ ግንድ በገጀራ ይቆረጣል፣ ሣሩ በማጭድ ይታጨዳል። ከጫኖ ሜዳ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ደጋ ሲወጣም በተራራው ወገብ በተሠሩት ጠባብ እርከኖች ላይ ገብስና እንሰት የሚለማው በዋናነት በእጅ ቁፋሮ ነው። ስለዚህ የዶማው ጥራት የገበሬውን ጉልበት፣ የገበሬው ጉልበትም የቤተ ሰቡን ምግብ ይወስናል።

ይህ መሣሪያ የሚገኘው ከሁለት ምንጮች ነው። አንዱ ከውጭ አገር ተሠርቶ በሱቅ የሚሸጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው የአገሬው ቀጥቃጭ በወናፍና በመዶሻ የሚያበጀው ነው። ኢትዮጵያ ብረትን ከጥንት ጀምሮ የምታውቅ አገር ሆና ሳለ የመሣሪያው ሥራ ከቀጥቃጩ ጎጆ ወደ ፋብሪካ ያላደገው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የቴክኖሎጂ እጥረት» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የጋፋት ታሪክ ይህ መልስ ያልተሟላ መሆኑን ያሳያል። በጋፋት ቴክኖሎጂው መጥቶ ነበር፤ ምድጃው ነድዷል፣ ነሐሱም ቀልጧል። ያልጸናው ሌላ ነገር ነው። ያን ሌላ ነገር ለመለየት በዚያው ዘመን ጸንቶ የቆመ አንድ ድርጅት አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል።

የሸፊልዱ ድርጅት

ሸፊልድ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የዓለም የአረብ ብረት መዲና ነበረች። የዝናዋ መነሻ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ ያገኘው ዘዴ ነው። ሀንትስማን ለሰዓት ሞላ የሚሆን እንከን የለሽ አረብ ብረት ሲፈልግ፣ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ከቶ በከፍተኛ ሙቀት ፈጽሞ እስኪቀልጥ ማንደድን አስለመደ። እያንዳንዱ ማቅለጫ የሚይዘው ብረት በጣም ጥቂት ቢሆንም ውጤቱ ወጥና ጠንካራ ስለ ነበር ለሞረድ፣ ለመጋዝ፣ ለመሮና ለምላጭ ተስማሚ ሆነ።

ቶማስ ፈርዝ በአንድ የሸፊልድ ድርጅት ውስጥ ዋና የብረት አቅላጭ ነበር። ልጆቹ ማርክና ቶማስ በዚያው ቤት በሳምንት 20 ሺሊንግ እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር። ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው በተከለከሉ ጊዜ ሥራውን ለቀው በ1842 ስድስት ቀዳዳ ባለው አንድ ምድጃ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ አረብ ብረታቸውን የሚሸጡት ለበርሚንግሃም ከተማ መሣሪያ ሠሪዎች ብቻ ነበር፤ ከዚያ ገበያቸው ወደ ውጭ አገሮች፣ በተለይም ወደ አሜሪካ ሰፋ። ከአረብ ብረቱ ጋር ሞረድና መጋዝም ይሠሩ ነበር። ቆይተው ደግሞ ለመድፍ የሚሆን ትልልቅ የአረብ ብረት ጡብ በማቅለጥ የእንግሊዝ መንግሥት ዋና አቅራቢ ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ድርጅቱ ወደ መድፍ የደረሰው በመሣሪያ ብረት በኩል ነው። መንግሥት ገዢ ሆኖ ከመምጣቱ በፊት ብዙ አናጺዎች፣ ሞረድ ሠሪዎችና ነጋዴዎች ገዢዎች ነበሩ። አንዱ ገዢ ቢቀር ሌላው አለ፤ የመድፍ ትእዛዝ ቢቀንስ መጋዙ ይሸጣል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሸፊልድ ለምርጥ አረብ ብረቷ የምትጠቀምበትን ብረት ከስዊድን በመርከብ ታስመጣ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ነው። የብረት አፈር በአገር መኖሩ ለመሣሪያ ሥራ ወሳኝ ሁኔታ አይደለም። ወሳኙ ጥሬ ዕቃው ከየትም ይምጣ ከየት፣ ዓይነቱ ታውቆ ሳይቋረጥ መድረሱ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የሸፊልድ ብረት ሠሪዎች ከ1624 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ማኅበር ነበራቸው። የማኅበሩ አለቃነት በከተማው ውስጥ ከፍ ያለ ማዕረግ ነበር። የብረት አቅላጩ ልጅ ማርክ ፈርዝ ከ1867 ጀምሮ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ይህን ማዕረግ ያዘ፤ በኋላም የከተማው ከንቲባ ሆነ። በ1879 በራሱ ገንዘብ ያቋቋመው ፈርዝ ኮሌጅ በ1905 ለተመሠረተው የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኗል። የአረብ ብረትን ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ በመመርመር ፈር የቀደደው የሸፊልዱ ተወላጅ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢም የዚሁ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር። የምድጃው ሙያና የመጽሐፉ ዕውቀት በአንድ ከተማ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የጋፋቱ መሥሪያ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዘውድ ሲጭኑ ከፊታቸው የቆመው ችግር የተበታተነን አገር በአንድ ሥልጣን ሥር ማዋልና የባሕሩን በር ከያዘው ኃይል ራስን መከላከል ነበር። ለሁለቱም የጦር መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። መሣሪያን ከውጭ መግዛት የሌላውን ፈቃድ መለመን መሆኑን ስለ ተረዱ፣ በአገር ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ ፈለጉ።

አጋጣሚውን የፈጠረላቸው ቀደም ሲል በኢትዮጵያ በሚሲዮናዊነት የኖረውና በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ፣ ሃይማኖትን ከእጅ ሥራ ጋር ያጣመሩ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ከእነርሱም መካከል ዮሐን ማርቲን ፍላድ፣ ቴዎፊል ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር ይገኙበታል። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከሠራተኞቹ ጋር ተቀላቀሉ። መኖሪያቸውና መሥሪያቸው ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው በጋፋት ሆነ።

ከሚሲዮናውያኑ መካከል የመድፍ አቅላጭነት ሙያ የነበረው አልነበረም። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ አናውቅም ቢሉም ትእዛዙ የማይታለፍ ሆነባቸው። ስለዚህ በሙከራና በስሕተት ምድጃ ሠሩ፣ ጡብ አቃጠሉ፣ ነሐስ አቀለጡ። ከብዙ ድካም በኋላ ሞርታሮችን ለመሥራት በቁ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ነው፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ይደርሳል። ከአንድ ትውልድ ያነሰ ልምድ ባለው መሥሪያ ይህን ያህል ነሐስ አቅልጦ ቅርጽ ማስያዝ በማንኛውም ሚዛን ትልቅ የሙያ ውጤት ነው። ስለዚህ ጋፋት የከሸፈው ማቅለጥ ስላልቻለ ነው ማለት አይቻልም።

ንጉሡ ለሠራተኞቹ የሰጡት ክብርም መታለፍ የለበትም። ብረት ሠሪ በሚናቅበት አገር የጋፋት ሠራተኞች በንጉሡ ፊት የሚቀርቡ፣ ሽልማትና ልብስ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ቫልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች አግብተው የአገሩ ዘመድ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ክብሩ ከግዴታ ጋር የተሳሰረ ነበር። ሠራተኛው ይከበራል፣ ነገር ግን ለመሄድ አይፈቀድለትም።

ምጽዋ የቀሩት መሣሪያዎች

የጋፋትና የቪክቶሪያ ዘመን ኢንዱስትሪ ታሪክ አንድ ጊዜ በቀጥታ ሊገናኝ ደርሶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ባለማግኘቱ በ1864 መጀመሪያ ቆንሲል ካሜሮንንና ሌሎችን አሰሩ። በ1866 ደግሞ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ባለቤቱና ልጆቹ ግን በኢትዮጵያ እንዲቆዩ ተደረገ። የተላከበት ጉዳይ ጦር መሣሪያ የሚሠሩና ብረት የሚያቀልጡ ባለ ሙያዎችን ማስመጣት ነበር። ጥያቄው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያ የሚሠራበትን ዕውቀት የሚመለከት መሆኑ የንጉሡን አርቆ አሳቢነት ያሳያል።

የእንግሊዝ መንግሥት በመጀመሪያ ጥያቄውን ተቀብሎ ባለ ሙያዎችንና ዕቃዎችን ላከ። ሰዎቹ በ1866 መገባደጃ ምጽዋ ደረሱ። በዚህ መሐል ግን ንጉሡ መልእክተኛውን ራሳምንና ጓደኞቹንም ማሰራቸው በመሰማቱ፣ እስረኞቹ አስቀድመው ካልተለቀቁ ባለ ሙያዎቹ ወደ መሐል አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ንጉሡ ባለ ሙያዎቹ አስቀድመው እንዲመጡ፣ እንግሊዞች እስረኞቹ አስቀድመው እንዲፈቱ ጠየቁ። አንዱ ሌላውን ሳያምን ወራት አለፉ፤ ባለ ሙያዎቹም በ1867 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የእንግሊዝ ብረት ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ግን አልቀረም። በናፒየር የተመራው ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ የባቡር ሐዲድ እየዘረጋ፣ መድፎቹን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ ተጓዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች እያስጎተቱና መንገድ እያስጠረጉ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያዝ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። የጋፋት ሠራተኞች ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ሃል በያፋ ኑሮውን መሠረተ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ ቀርቷል፤ መድፉን የሠራው እጅ ግን ሄዷል።

ንጽጽር

ፈርዝም ጋፋትም መድፍ ሠርተዋል፤ ልዩነታቸው ከመድፉ በታች ባለው መሠረት ላይ ነው። ፈርዝ መድፍ የሠራው ሞረድና መጋዝ በሚገዙ ብዙ ሰዎች ላይ ቆሞ ነው። ጋፋት አንድ ገዢ ብቻ ነበረው፤ እርሱም ንጉሡ ነው። የጋፋት ምድጃ ማረሻ ለጎንደር ገበሬ፣ መጥረቢያ ለበጌምድር አናጺ በማቅረብ የሚተዳደር ቢሆን ኖሮ፣ ከመቅደላ በኋላም ሥራውን የሚፈልግ ሰው በአቅራቢያው ይገኝ ነበር። ንጉሡ ሲወድቁ ግን ገበያው በአንድ ቀን ጠፋ።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቆየት የሚያስፈልጋቸው መድፍ እንጂ ማረሻ አልነበረም፤ ጊዜም አልነበራቸውም። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ንጉሡን ለመውቀስ የሚውል አይደለም። የሚያሳየው ግን በአንድ ጉዳይ ጥድፊያ የተተከለ መሥሪያ ጉዳዩ ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ ነው። ይህ ትምህርት ለነገሥታት ዘመን ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የአንድ ፕሮጀክት በጀት ሲያልቅ በሩ ለሚዘጋ ማናቸውም ዎርክሾፕ ይሠራል።

የጋሞ ቀጥቃጮች ሁኔታ

ጋፋት ያልነበረው ነገር በጋሞ ቀጥቃጭ እጅ ይገኛል፤ እርሱም የገዢ ብዛት ነው። በየገበያው ዶማ የሚያስል፣ ማጭድ የሚያስጠግን፣ ቢላ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። መንግሥታት ሲለዋወጡ የቀጥቃጩ ምድጃ ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የቀሩት ሁለቱ ሁኔታዎች ይጎድሉታል።

የመጀመሪያው ጉድለት ክብር ነው። በጋሞ ልማዳዊ ሥርዓት ኅብረተሰቡ «ማላ» በሚባሉት ባለ መሬቶችና በዕደ ጥበብ በሚተዳደሩት ወገኖች የተከፈለ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና»፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ ደግሞ «ደጋላ» ይባላሉ። ደጋላ ከማላ ጋር አይጋባም፤ በጉባኤም እኩል ድምፅ አልነበረውም። በእጁ ዶማ የማይሠራ መሬት አልባ ወገን ዶማ ሠሪውን ናቀው ማለት አይደለም፤ በዶማው የሚኖረው ባለ መሬት ነው የናቀው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍልም ብረት ሠሪው «ጠይብ» እየተባለ ይናቅና በቡዳነት ይጠረጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው የንቀቱን ጥልቀት ይመሰክራል። የ1966 ዓ.ም. አብዮትና ተከትሎት የመጣው የመሬት ዐዋጅ የሕጉን እኩልነት ቢያመጣም፣ በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ያለው ልዩነት በዐዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም። የዚህ ውጤት ለሙያው በቀጥታ ጎጂ ነው። ልጁ ከስድቡ ለማምለጥ የአባቱን ሙያ ይሸሻል፤ ከሙያው ውጭ የተወለደውም ሊማረው አይፈልግም። በሸፊልድ የአቅላጩ ልጅ ከንቲባ የሆነው አቅላጭነቱን ትቶ ሳይሆን በአቅላጭነቱ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ዓይነቱ የታወቀ ጥሬ ዕቃ ነው። የዛሬው ቀጥቃጭ የብረት አፈር አያቀልጥም፤ የሚሠራው በቁርጥራጭ ብረት ነው። ሸፊልድም የሰው አገር ብረት ትጠቀም ስለ ነበር ይህ በራሱ ድክመት አይደለም። ድክመቱ የቁርጥራጩ ዓይነት አለመታወቁ ነው። የመኪና ባሌስትራ ከግማሽ በመቶ በላይ ካርቦን ያለው አረብ ብረት በመሆኑ ግሎ በውኃ ወይም በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ጥሩ ቢላና ማጭድ ይወጣዋል። የሕንፃ ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ በዚያው ብልሃት ቢሠራም ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል። በሌላ በኩል ባሌስትራውን አጠንክሮ መልሶ በመጠኑ ያላሞቀ ቀጥቃጭ የሠራው ዶማ በድንጋያማ እርከን ላይ ይሰበራል። ልምድ ያለው ቀጥቃጭ ይህን በድምፁ፣ በፍንጣሪውና በቀለሙ ይለያል፤ ዕውቀቱ ግን አልተጻፈም፣ አልተለካም፣ ለሌላውም አልተላለፈም። የሸፊልድ አቅላጮችም ከሶርቢ በፊት ብረቱን የሚለዩት በስብራቱ መልክ በዓይን ብቻ ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነጻጸሩት ሦስት ሁኔታዎች እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቆምም። በሸፊልድ ሦስቱም ተገኙ፤ ሥራውም ከአንድ ምድጃ ተነሥቶ ኮሌጅ እስከ መመሥረት ደረሰ። በጋፋት ብልሃትና የንጉሥ ድጋፍ ነበር፤ ገዢው ግን አንድ ብቻ ስለ ነበር ሥራው ከእርሱ ጋር አበቃ። በጋሞ ገዢው ብዙ ነው፤ ክብሩና የታወቀው ጥሬ ዕቃ ግን ይጎድላሉ።

ይህ ንጽጽር ለምርምር ሁለት መንገዶችን ይጠቁማል። አንደኛው የቴክኒክ ነው። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ሥራ የጀመረው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለቀጥቃጮቹ ቅርብ ነው። ከጫኖ ማሳ የተሰበረ ዶማና የታጠፈ ገጀራ ተሰብስቦ ጥንካሬው ቢለካ፣ የብረቱ ዓይነት ቢለይ፣ ቀጥቃጩ በዓይኑ የሰጠው ፍርድም ከመለኪያው ውጤት ጎን ቢመዘገብ፣ የትኛው ቁርጥራጭ ለየትኛው መሣሪያ እንደሚሆን የሚያሳይ ቀላል መመሪያ ማዘጋጀት ይቻላል። ለዚህ ግዙፍ ማሽን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማኅበራዊ ሲሆን ከመጀመሪያው ሊነጠል አይገባም። በጥናቱ ቀጥቃጩ «መረጃ ሰጪ» ብቻ ሆኖ ከቀረበ የቆየው ልማድ በአዲስ ስም ይቀጥላል። ስሙ ከሥራው ጋር የሚጻፍ፣ ተማሪ የሚመደብለት፣ ለማስተማሩም የሚከፈለው ባለ ሙያ ሆኖ ሊቀርብ ይገባዋል። ጋፋት ያጣችው መድፉን ሳይሆን ሠራተኞቹን ነው፤ የጋሞ ቀጥቃጮች ግን ዛሬም በአገራቸው፣ በምድጃቸው ፊት ተቀምጠዋል።